የሰማይ መንገደኞች በቀይ ባሕር ጠረፍ

አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዱ በወንጭፍ የመታትን ወፍ ይዞልኝ መጣ። አካሏ ከመዳፌ አይበልጥም፤ ጅራቷም እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ነበረ። በቀጭን እግሯ ላይ ቍጥር የተቀረጸበት ቀላል የብረት ቀለበት አየን። ልጁ ደንግጦ «የማን ናት?» ሲል ጠየቀኝ። የዚያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ አጭር ስለ ነበረ፥ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ለቤተ ሰብ ሁሉ ልጽፈው ወደድሁ።

ይህች ወፍ የአውሮጳን ብርድ ሸሽታ ወደ አፍሪቃ የምትመጣ፥ በመጋቢትና በሚያዝያም ጎጆዋን ወደምትሠራበት ወደ ሰሜን የምትመለስ መንገደኛ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፥ በመንገዷ ሰሐራን የሚያህል ምድረ በዳ ይጠብቃታል። እንደ እርሷ ያሉ ትንንሽ ወፎች ከጕዞው በፊት አብዝተው በልተው በአካላቸው ስብ ያከማቻሉ፤ ስንቃቸው ይህ ነው። በረሓውን ሲጨርሱ ስንቁም ያልቃል።

ሽመላና ንስር ግን ሌላ ጥበብ አላቸው። ፀሓይ ያሞቀችው አየር ከምድር ወደ ላይ ሲወጣ፥ ክንፋቸውን ዘርግተው በእርሱ ይንሳፈፋሉ እንጂ ብዙ አያርገበግቡም። እንዲህ ያለው አየር በሰፊ ባሕር ላይ ስለማይገኝ፥ ባሕሩን ትተው በየብስ ይዞራሉ። ስለዚህ አፍሪቃን ከእስያ ጋር በሚያገናኘው ጠባብ ምድር ላይ ይሰበሰባሉ። በእስራኤል ሰማይ በዓመት ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች እንደሚያልፉ ይገመታል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. ጸደይ፥ በኤላት ከተማ አካባቢ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ አዳኝ ወፎች ተቈጥረዋል።

ኤላት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፥ ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ባሠራበት አገር ትገኛለች። በጠረፏ ያለው ረግረግ ጨዋማ ነው፤ ዛፍ አይበዛበትም። ነገር ግን ጨው የሚችሉት ቍጥቋጦዎች ፍሬና ተባይ ስላላቸው፥ ከበረሓ ለወጣ ራብተኛ ማዕድ ናቸው። በጸደይ ማለዳ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች መነጽራቸውን ይዘው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በዚያ ይቀመጣሉ። ሊቃውንቱም ትንንሾቹን ወፎች በስስ መረብ ይይዛሉ፤ ይመዝናሉ፤ ቀለበት አድርገው ይለቃሉ። ያች ወፍ በሌላ አገር ስትገኝ፥ ቍጥሯ የመጣችበትን መንገድ ይነግራል።

ይህ ማዕድ ግን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከተማው ሲያድግ ሆቴሎች፥ እርሻዎችና የጨው ማምረቻ ኵሬዎች የረግረጉን አብዛኛውን ክፍል ወሰዱት። ወፏ ግን ይህን አታውቅም፤ እንደ ልማዷ ደክማ ስትደርስ ባዶ ቤት ይጠብቃታል። በ1993 ዓ.ም. የወፍ ተመራማሪዎች ቀድሞ የከተማው ጥራጊ ይጣልበት የነበረውን ስፍራ በአፈር ሸፍነው፥ ፍሬ የሚሰጡ ቍጥቋጦዎችን ይተክሉበት ጀመር፤ በተጣራ የፍሳሽ ውሃም አጠጡት። ዛሬ ያ ቦታ የወፎች ማረፊያ ነው። ሰው ያጠፋውን ሰው መልሶ ሊያቀና እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ከእነዚሁ መንገደኞች ብዙዎቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት በእኛ ሐይቆችና መስኮች ነው። የአብያታ ሐይቅ ግን ገባር ወንዙ ለመስኖ፥ የራሱም ውሃ ለሶዳ አመድ ሥራ ስለ ተወሰደ እጅግ ሸሽቷል። ከመንገዱ አንዱ ማረፊያ ሲጐድል፥ ጕዳቱ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ በመጋቢት ማለዳ ልጆቻችሁን ወደ ቅርብ ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ጮኸው እንዳይሮጡ፥ ዝም ብለው ተቀምጠው እንዲያዩ አስተምሯቸው። የሚያዩትን ወፍ ቀንና ቦታ በደብተር ይጻፉ። ቀለበት ያለባትን ወፍ ሞታ ቢያገኙም፥ ቍጥሩን ገልብጠው ለሚመለከተው የጥናት ክፍል ያሳውቁ።

ነቢዩ ኤርምያስ ጊዜዋን የምታውቀውን ሽመላ ሕዝቡን ለመገሠጽ ምሳሌ አድርጓታል። ወፏ ጊዜዋን ጠብቃ ትመጣለች፤ ስትመጣ ማረፊያ ማግኘቷ ግን በእኛ እጅ ነው። ያ ተማሪዬ በማግሥቱ ወንጭፉን አምጥቶ በጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፤ እኔም በምትኩ ባዶ ደብተር ሰጠሁት።