ተመሳስለው የሚለዩ ፋይሎች

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው ሉማሜ፣ እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ፣ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሥራ ብዙ ጊዜ ከፍላሽ ይጀምራል። «ሲቪዬን ፕሪንት አድርጊልኝ» የሚል ደንበኛ ፋይሉን በምን ስም እንዳስቀመጠው ላያስታውስ ይችላል። ያኔ የጸሐፊዋ ዐይን ቀለም ይፈልጋል፦ ሰማያዊው ወርድ፣ አረንጓዴው ኤክሴል፣ ቀዩ ፒዲኤፍ።

አይከን የሚባሉት እነዚህ ትንንሽ ሥዕሎች ሁለት ሥራ አለባቸው፤ እርስ በርስ ተስማምተው ስክሪኑን ማሳመርና እያንዳንዳቸው ምን እንደሆኑ መናገር።

እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ግራፊክ ዲዛይነሯ ሱዛን ኬር አይከኖቹን ስትስል የነበራት ቦታ 32 በ32 ነጥብ፣ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ልዩነቱን ሁሉ የተሸከመው ቅርጽ ነው። በኋላ ቀለም ሲበዛ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዓለም እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን አሣሣል ይዞ መጣና ዴስክቶፑ ተዘበራረቀ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የታንጎ ፕሮጀክት የጋራ ቀለሞችና የአሣሣል ደንብ በማውጣት መልክ ሊያስይዘው ሞከረ።

መልክ ማስያዝም ልክ አለው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 የጂሜይልን፣ የካሌንደርን፣ የድራይቭንና የሚትን አይከኖች በአንድ ዓይነት ቀለማት ሲያቀልም ብዙ ተጠቃሚዎች አንዱን ከሌላው መለየት አቃተን ብለው አማረሩ። ቤተሰብነታቸው ጎላ፤ ማንነታቸው ደበዘዘ።

የሚያዋጣው የጋራውንና የግሉን ቦታ መለየት ነው። የወረቀቱ ቅርጽ፣ መጠኑና ጥላው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ በመሐሉ ያለው ምልክትና ቀለም ይለያይ። አይከኑ ወደ 16 ነጥብ ሲያንስ በላዩ የተጻፈ ፊደል ለማንበብ ያስቸግራል፤ ቀይና አረንጓዴ ለማይለዩ ሰዎችም ቀለም ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ምልክቱ ከሩቅ በቅርጹ መታወቅ አለበት። ፎቶ ሲሆን ደግሞ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ራሱን አሳንሶ ቢያሳይ ይሻላል፤ ሃምሳ ጉርድ ፎቶዎች አንድ ዓይነት አይከን ከለበሱ የደንበኛውን ለማግኘት ሁሉንም መክፈት ሊያስፈልግ ነው።

አይከን ሊዋሽም ይችላል። ኮፒ ቤቶች «ሾርትከት ቫይረስ» የሚሉት እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በዚያው ስም፣ የፎልደር መልክ ያለው ሌላ ፋይል ያስቀምጣል፤ የነካው ሰው ቫይረሱን በእጁ ያስነሳል። ዊንዶውስ ካልታዘዘ በቀር የፋይልን ዓይነት የሚናገረውን የስም ጭራ ስለሚደብቅ ማታለሉ ይቀላል። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ የስም ጭራ እንዲታይ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ ፎልደር መስሎ የመጣው ፋይል ፕሮግራም ከሆነ «.ኢኤክስኢ» የሚለው ጭራው ይጋለጣል።