ሊንክ ስንልክ ቀድሞ የሚታየው ምስል
የኮድ ማከማቻ ቅድመ ዕይታ ምስል ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይዘጋጃል?

በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የአንድን ድረ ገጽ ሊንክ ለጓደኛችን ስንልክ ከሊንኩ ሥር አንድ ትንሽ ካርድ ብቅ ይላል። በካርዱ ላይ ርእስ፣ ጥቂት ቃላት ማብራሪያና አንድ ምስል እናያለን። ካርዱን እኛ አልሠራነውም፤ ሊንኩን የተቀበለው ጓደኛችንም አልሠራውም። ታዲያ ከየት መጣ? ምስሉንስ ማን መረጠው? ጥያቄው ስለ ማንኛውም ድረ ገጽ ሊነሣ የሚችል ቢሆንም በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የሶፍትዌር ሥራዎች የሚቀመጡባቸውን የኮድ ማከማቻዎች፣ በተለይም ጊትሃብን ነው። የመመረቂያ ሥራውን በጊትሃብ አስቀምጦ ሊንኩን ለአማካሪው፣ ለክፍል ጓደኞቹ ወይም ለቀጣሪ የሚልክ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል። ተቀባዩ ከኮዱ አስቀድሞ የሚያየው ካርዱን ነው፤ ኮዱን ለመክፈት ወይም ለማለፍ የሚወስነውም ብዙ ጊዜ ካርዱን አይቶ ነው።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆኑ አንባቢያን በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ ጊት የሚባለውን የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ ሲሆን ዓላማውም የሊነክስ ከርነልን የልማት ሥራ ማስተዳደር ነበር። ጊትሃብ ደግሞ በጊት የተመዘገበ ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበትና ብዙ ሰዎች በጋራ የሚሠሩበት አገልግሎት ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በ2018 ማይክሮሶፍት ገዝቶታል። እያንዳንዱ ሥራ የሚቀመጥበት ክፍል «ሪፖዚተሪ» ይባላል፤ እኛ «ማከማቻ» እያልን እንቀጥላለን።

ካርዱን የሚሠራው ማን ነው?

ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። «ቦዲ» የሚባለው ሰው የሚያነብበው ክፍል ነው። «ሄድ» የሚባለው የላይኛው ክፍል ግን በአብዛኛው ለዐይን የማይታይ፣ ለማሽን የተጻፈ መረጃ የሚቀመጥበት ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕን ግራፍ የተባለውን የአጻጻፍ ስምምነት ይፋ ያደረገው በዚህ ክፍል ላይ ተመሥርቶ ነው። በስምምነቱ መሠረት አንድ ገጽ ስለ ራሱ ቢያንስ አራት ነገሮችን መናገር አለበት፦ ርእሱን (ኦጂ ታይትል)፣ ዓይነቱን (ኦጂ ታይፕ)፣ የምስሉን አድራሻ (ኦጂ ኢሜጅ) እና የራሱን ቋሚ አድራሻ (ኦጂ ዩ.አር.ኤል.)። ዛሬ ኤክስ የሚባለው ትዊተርም እ.ኤ.አ. በ2012 ተመሳሳይ ዘዴ አወጣ፤ ሆኖም የራሱን ምልክቶች በገጹ ላይ ካላገኘ የኦፕን ግራፍን እንዲያነብብ አድርጎ ነው የሠራው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። በእነዚህ መስመሮች ውስጥ ያለው የምስሉ አድራሻ እንጂ ምስሉ ራሱ አይደለም። ስለዚህ ሊንኩን ጽፈን ስንልክ አንድ ፕሮግራም ወደ ገጹ ሄዶ ሄዱን ያነብባል፣ የምስሉን አድራሻ ያገኛል፣ ከዚያም ተመልሶ ምስሉን ያመጣል። ይህን ሥራ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚሠሩት የኩባንያዎቹ ሰርቨሮች ናቸው። በዋትስአፕ ግን ገጹን የሚያነብበው የላኪው ስልክ ነው፤ ያገኘውንም ትንሽ ምስል ከመልእክቱ ጋር አያይዞ ይልከዋል። በሁለቱም መንገድ ተቀባዩ የሚያየው ቅጂ ነው። ቅጂ መሆኑ ቀላል ነገር ቢመስልም ኋላ ላይ ከባድ ሆኖ ስለምናገኘው አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንጠይቃለን።

ጊትሃብ የሚሰጠው ምስል

ባለቤቱ ምንም ባያደርግም ጊትሃብ ለእያንዳንዱ ይፋዊ ማከማቻ ምስል ያዘጋጃል። በፊት የነበረው የባለቤቱ መለያ ሥዕል ብቻ ስለነበር ሃያ ማከማቻ ያለው ሰው የሃያዎቹንም ሊንክ ቢልክ የሚታየው ያው አንድ ፊት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግን ጊትሃብ የማከማቻውን ስም፣ ማብራሪያውን፣ የተሳታፊዎችንና የኮከቦችን ብዛት የያዘ፣ ከግርጌውም ኮዱ የተጻፈባቸውን ቋንቋዎች በቀለም የሚያሳይ ካርድ በራሱ ይሠራል። አሠራሩ ለተማሪ የሚማርክ ነው። በሰርቨሩ ላይ መስኮት የሌለው የድረ ገጽ መክፈቻ (ብራውዘር) ይነሣል፣ መረጃው የተሞላበትን የኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ገጽ ይከፍታል፣ ከዚያም የገጹን ፎቶ ያነሣል። በሌላ አነጋገር ሥዕሉ የማንም ሰው ዐይን ያላየው ገጽ ፎቶግራፍ ነው።

ይህ አውቶማቲክ ካርድ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ለብዙ ሥራ በቂ ነው ብለን እናምናለን። ጉድለቱ የሚታየው በጀማሪ ሥራ ላይ ነው። ስሙ «ፋይናል ፕሮጀክት» የሆነ፣ ማብራሪያ ያልተጻፈለት፣ የኮከቡ ቁጥር ዜሮ የሆነ ማከማቻ ካርዱ ሲታይ ባዶ ቤት ይመስላል። እንዲህ ያለ ማከማቻ ያለው ተማሪ ምስል ለመሥራት ከመሯሯጡ በፊት ስሙን አስተካክሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ቢጽፍ ግማሹ ችግር ይቃለልለታል፤ ማብራሪያዋ በካርዱም በፍለጋ ውጤትም ላይ ትታያለችና። የራስን ምስል መሥራት የሚያስፈልገው ሥራው በዐይን የሚታይ ነገር ሲኖረው ነው። የካርታ፣ የጨዋታ፣ የስልክ መተግበሪያ ወይም የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ሥራ ከብዙ ቃላት ይልቅ በአንድ ሥዕል ይገለጻል።

ልኩና ስሌቱ

ጊትሃብ የሚቀበላቸው የምስል ዓይነቶች ፒ.ኤን.ጂ.፣ ጄፔግና ጂፍ ሲሆኑ የፋይሉ መጠን ከ1 ሜጋባይት በታች መሆን አለበት። ስፋቱና ቁመቱ ቢያንስ 640 በ320 ፒክስል ሊሆን ይገባል፤ ለጥራት የሚመከረው 1280 በ640 ነው። ይህ ማለት የስፋቱና የቁመቱ ምጣኔ 2 ለ1 ነው። ፌስቡክ በአንጻሩ 1200 በ630፣ ማለትም ወደ 1.91 ለ1 የሚጠጋ ምጣኔ ይመክራል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁመቱ 640 የሆነ ምስል በዚህ ምጣኔ ሲቆረጥ የሚተርፈው ስፋት 1219 ፒክስል ያህል ነው። ከግራና ከቀኝ ሠላሳ ሠላሳ ፒክስል ይጠፋል ማለት ነው። ምስሉን በአራት ማዕዘን እኩል ቆርጦ የሚያሳይ መተግበሪያ ካጋጠመ ደግሞ የሚቀረው መካከለኛው 640 በ640 ብቻ ነው፤ ከየጎኑ 320 ፒክስል ይሄዳል። የሥራውን ስም በግራ ጠርዝ ጀምሮ የጻፈ ሰው በዚህ ጊዜ የስሙን ግማሽ ያጣል። ስለዚህ ዋናው ነገር መሐል ላይ፣ ቢጠፋ የማይጎዳው ጌጥ ደግሞ ዳር ላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ስሌት የፊደል መጠንን ይመለከታል። ምስሉን የምንሠራው በኮምፒውተር ሙሉ ስክሪን ላይ ስለሆነ ፊደሉ ትልቅ መስሎ ይታየናል። በስልክ ላይ ግን ካርዱ 360 ነጥብ ያህል ስፋት ቢኖረው 1280 የነበረው ምስል ከሦስት ተኩል ጊዜ በላይ ያንሳል። ቁመቱ 36 የነበረ ፊደል ወደ 10 ይወርዳል፤ 90 የነበረው 25 ይሆናል። ስክሪኑ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው ዐይናችን የሚያየው ይህንኑ መጠን ነው። ለላቲን ፊደል 10 ያስቸግር እንደሆነ እንጂ ይነበባል። ለግዕዝ ፊደል ግን ጉዳዩ ከዚህ የጠና ነው። ሱ እና ሲ የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች አንዲት ቅጥያ ቦታ ነው፤ ቅጥያዋ በሱ ከመሐል፣ በሲ ከግርጌ ትገኛለች። ፊደሉ 10 ነጥብ ሲሆን ይህ ልዩነት ከሁለትና ከሦስት ነጥብ ስለማይበልጥ ቃሉ ከዐይን ያመልጣል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ቃላቱን ቀንሶ ፊደሉን ማጉላት ይኖርበታል ማለታችን ነው።

ስለ ግዕዝ ፊደል ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ሆኖም ኮዱ መመዝገቡ ብቻውን ፊደሉን አያሳይም፤ ሥዕሉን የሚሥለው ኮምፒውተር ፎንቱ ሊኖረው ይገባል። ምስሎችን በሰርቨር ላይ በራሳቸው የሚሥሉ ፕሮግራሞችን የሚጽፉ ተማሪዎች «ሰላም» ብለው አራት ማዕዘን ሣጥኖች የሚወጡባቸው በዚህ ምክንያት ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ ሣጥኖቹ በቻይናና በጃፓን ምግብ ስም «ቶፉ» ይባላሉ፤ የጉግል «ኖቶ» ፎንቶችም ስማቸውን ያገኙት «ቶፉ አይኑር» ከሚል ሐሳብ ነው። በራሳችን ኮምፒውተር ሠርተን የምንጭነው ምስል ግን ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ፊደሉ አንዴ ወደ ፒክስል ከተለወጠ ተቀባዩ ፎንቱ ኖረው አልኖረው ለውጥ የለውም።

ሦስተኛው የፋይሉ ክብደት ነው። 1280 በ640 ምስል 819,200 ፒክስሎች አሉት። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ቢይዝ ድምሩ 2,457,600 ባይት ይሆናል፤ ይህም ከተፈቀደው እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ መጭመቅ ግድ ነው። ፒ.ኤን.ጂ. የሚጨምቀው ምንም መረጃ ሳይጥል፣ የሚደጋገመውን በአጭሩ በመጻፍ ነው፤ ወጥ ቀለም ላለው ሥዕልና ለጽሑፍ ይስማማል። ጄፔግ ደግሞ ምስሉን 8 በ8 በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ ዐይን እምብዛም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። ለፎቶግራፍ ግሩም ነው፤ በፊደል ጠርዝ ዙሪያ ግን ጭስ የመሰለ ብክለት ይተዋል። ፒ.ኤን.ጂ. መደቡ ክፍት (ግልጽ) የሆነ ምስልም ይፈቅዳል። ይህ የሚያምር ሊሆን ቢችልም በክፍት መደብ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል በጨለማ ገጽታ በሚሠራ ስልክ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጠፋልና ጥርጣሬ ካለ መደቡን በቀለም መሙላት ይሻላል።

መጫኑ ራሱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በማከማቻው ገጽ «ሴቲንግስ» የሚለውን ከፍተን «ሶሻል ፕሪቪው» ወደሚለው ክፍል እንወርዳለን፤ «ኤዲት» ብለን ምስሉን እንጭናለን። ይህን የማከማቻው አስተዳዳሪ ማድረግ ይችላል።

ምስሉ ከእጅ ከወጣ በኋላ

አብዛኛውን ጊዜ ለቅድመ ዕይታ የሚመረጠው ምስል የፕሮግራሙ የስክሪን ፎቶ ነው። ምርጫው ተገቢ ነው፤ አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ተማሪ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራ እንበል። ፕሮግራሙ በእውነተኛ መረጃ እየተሞከረ ሳለ የተነሣው ፎቶ የሕሙማንን ስምና ስልክ ቁጥር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ፎቶው በኮምፒውተሩ ላይ ሲታይ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም፤ ሙሉ መጠኑ ሲከፈት ግን ይነበባል። ኮዱ ላይ የተረሳ የይለፍ ቃል ወይም በብራውዘሩ አናት ላይ የሚታይ የሌላ ገጽ ስምም እንዲሁ አብሮ ይሄዳል። ለፎቶው ሲባል የፈጠራ ስሞችን የያዘ የሙከራ መረጃ አዘጋጅቶ መሙላት ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ጥንቃቄ ነው።

ማከማቻው የግል እስከሆነ ድረስ ምስሉን መጫን ቢቻልም በሊንኩ አማካይነት አይወጣም፤ ከውጭ የሚመጣው ፕሮግራም የሚያገኘው «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ ነው። ማከማቻው ይፋ በሆነ ጊዜ ግን ምናልባት ከወራት በፊት ተጭኖ የተረሳው ምስል አብሮ ይፋ ይሆናል። ስለዚህ አንድን ማከማቻ ከግል ወደ ይፋ ከመለወጣችን በፊት ኮዱን እንደምንመረምር ሁሉ ምስሉንም ከፍተን ማየት ይገባናል።

በተቀባይ በኩል ደግሞ ካርዱ ማስረጃ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ጊትሃብ የተጫነው ሥዕል ከኮዱ ጋር መስማማቱን አያረጋግጥም። የታወቀ ድርጅት አርማ ያለበት ካርድ የማንኛውም ሰው ማከማቻ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱን የሚነግረን በሊንኩ ውስጥ ከጊትሃብ ስም ቀጥሎ የተጻፈው የተጠቃሚ ስም ነው።

ምስሉን ቀይረን አሮጌው ቢታየን የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ሰርቨሮቹ በየጊዜው ወደ ገጹ ላለመመላለስ ያመጡትን ቅጂ ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጡታል። ፌስቡክ ለገንቢዎች ባዘጋጀው «ሼሪንግ ዲበገር» በተባለው ገጽ ላይ ሊንኩን አስገብቶ እንደገና እንዲያነብብ ማዘዝ ይቻላል፤ በቴሌግራምም ሊንኩን «ዌብፔጅ ቦት» ለተባለው ፕሮግራም መላክ ተመሳሳይ ውጤት አለው። በዋትስአፕ ቀድሞ የተላከ ካርድ ግን ምስሉ ከመልእክቱ ጋር ተያይዞ በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ስለተቀመጠ በጊትሃብ ላይ የምናደርገው ማናቸውም ለውጥ አይደርስበትም።