ከመጭመቂያው ቤት የሚወጣው ሽታ

ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሽታ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ጥሬው ፍሳሽ የሚገባበትን በር ነው። እዚያ የሚሠሩት ግን ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት በሌላኛው ጫፍ ነው፤ ውሃው ተጣርቶ ከሄደ በኋላ የቀረው ዝቃጭ በሚጨመቅበት ቤት። ይህ ዝቃጭ ሲያዩት ወፍራም ይመስላል እንጂ ከመቶው ጠጣሩ ከ2 እስከ 6 እጅ ቢሆን ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ውሃ በመኪና ማመላለስ ኪሳራ ስለሆነ ዝቃጩ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፣ በሁለት ሸራዎች መካከል ይዳመጣል፣ ወይም በጠመዝማዛ መጭመቂያ ይገፋል። ጠጣሩ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ በአካፋ የሚዛቅ ጥቁር ጭቃ ይወጣል፤ የሙያው ሰዎች ኬክ ይሉታል። በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የቆየው ጋዝ የሚለቀቀውም በዚሁ መናጥና መጨመቅ መሃል ነው።

ከጋዞቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሰልፌትና ከፕሮቲን ይሠሩታል። በአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ግማሽ ክፍል ያህል ቢኖር እንኳ አፍንጫ ይለየዋል። በሚሊዮን 100 ክፍል ገደማ ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜት ይደነዝዛል፤ ሠራተኛው ሽታው የለቀቀ መስሎት ሲረጋጋ አደጋው ገና እየጨመረ ሊሆን ይችላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድም በጉድጓድና በምድር ቤት ይተኛል። በመጭመቂያ ቤት ውስጥ በአፍንጫ ተማምኖ መግባት ሕይወት ያስከፍላል፤ ማንቂያ ያለው መለኪያ ከሠራተኛው ደረት ላይ መጥፋት የለበትም።

ጎረቤትን የሚያስመርረው ግን ሁልጊዜ ይህ ጋዝ አይደለም። ሜቲል መርካፕታን የበሰበሰ ጎመን ይሸታል፤ የማብሰያ ጋዝ ሲያፈተልክ እንዲታወቅ የሚጨመርበት ንጥረ ነገር የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከሃይድሮጅን ሰልፋይድም ባነሰ መጠን አፍንጫ ያገኘዋል። ዳይሜቲል ሰልፋይድና ዳይሜቲል ዳይሰልፋይድ ደግሞ ከእሱ ይወለዳሉ። ኖራ የገባበት ዝቃጭ በበኩሉ አሞንያና የዓሣ ሽታ ያለውን ትራይሜቲላሚን ይለቃል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ብቻ የሚለካ መሣሪያ ይዞ አጥሩ ሥር የቆመ መሐንዲስ ዜሮ አንብቦ ሲመለስ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ነዋሪዎች መስኮታቸውን የሚዘጉት ለዚህ ነው። ሁለቱም አልዋሹም።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቨርጂኒያ ቴክና የበክኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማጣሪያ ጣቢያዎች ጋር የሠሯቸው ጥናቶች ለማሽን ገዢዎች የማይመች ነገር አሳይተዋል። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ሴንትሪፊዩጅ የዝቃጩን ጓል ሰባብሮ፣ በውስጡ ታስሮ የነበረውን ፕሮቲን ለባክቴሪያ ምቹ ምግብ አድርጎ ያወጣዋል። ሜቲዮኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ሜቲል መርካፕታን ይመነጫል። ይህን ጋዝ እየበሉ ወደ ሚቴን የሚለውጡት ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ በማሽኑ ጉልበት ደንግጠው ለጊዜው ሥራ ያቆማሉ። ውጤቱም ከማሽኑ ሲወጣ ብዙም የማይሸተው ኬክ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በመጋዘን ወይም በገበሬ ማሳ ላይ ሳለ፣ ሽታው ጣሪያ መንካቱ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ሕዋሳቱ ያገግሙና ሽታው ይወርዳል። የጨረታ ሰነዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት "ስንት በመቶ ያደርቃል?" ብለው ብቻ ነው። ድርቀቱ የማጓጓዣ ወጪ ይቀንሳል፤ ሽታው ግን ማሽኑን ባልገዛው ሰው ደጅ ይራገፋል።

ሽታን ከምንጩ መቀነስ እንደሚቻል ጥሩ ምስክር የሚሆነው በዋሽንግተን ከተማ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የብሉ ፕሌይንስ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግና የዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ቤት የሚወጣው ፍሳሽም የሚደርሰው እዚያ ነው። ጣቢያው ለዓመታት ዝቃጩን ጨምቆ፣ ኖራ ለውሶ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላሉ እርሻዎች ያከፋፍል ነበር። ኖራው ፒ ኤቹን ወደ 12 ከፍ አድርጎ ጀርሞችን ይገድላል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድንም በፈሳሹ ውስጥ ያስቀረዋል። በምትኩ አሞንያውን ያባርራል፤ ለማርጋት የሚጨመረው ፖሊመርም በዚያ ፒ ኤች ሲፈርስ ለዓሣው ሽታ መነሻ ይሆናል። በ2015 ጣቢያው መንገዱን ቀየረ። ዝቃጩን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በእንፋሎትና በግፊት ቀቅሎ፣ ግፊቱን በድንገት ለቅቆ፣ ከዚያ ባዮጋዝ ወደሚያመርቱ አራት ግዙፍ ማብላያዎች ያስገባዋል። የሚወጣው ኬክ መጠኑ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ባክቴሪያ የሚበላው ቀሪ ምግብም ስላነሰ ሽታው ለዘብ አለ። ዛሬ ብሉም በሚል ስም ለአትክልተኞች ይሸጣል። ሥራው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ስለጠየቀ ለሁሉም ከተማ የሚመከር አይደለም፤ ግን ሽታው የተቀነሰው በጭስ ማውጫ ላይ ሳይሆን ማብላያው ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ብዙ ጣቢያዎች ከዚህ በጣም በረከሰ ነገር ይጀምራሉ፤ ዝቃጩን ባለማሳደር። ዝቃጭ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይኮመጥጣል። መጭመቂያው ቅዳሜና እሑድ ቆሞ ሰኞ ጠዋት ሲነሳ ቤቱ የሚታፈነው ሁለት ቀን በጋን ውስጥ ያለ አየር የተቀመጠው ስለሚመጣ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ኬሚካል ነው። የብረት ጨው፣ ለምሳሌ ፌሪክ ክሎራይድ፣ ሰልፋይዱን ይዞ ጥቁር ጠጣር አድርጎ ያስቀረዋል፤ ከማብላያው በፊት ሲገባ ባዮጋዙንም ያጠራል። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ወደ መጭመቂያው በሚወስደው ቱቦ ላይ ሲጨመር በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ብረትና አሉሚኒየም ፕሮቲኑንም ስለሚያስሩ ከላይ ያነሳነውን የዘገየ ሽታ ይቀንሳሉ።

ከዚህ ሁሉ አምልጦ የወጣውን አየር መያዝና ማጠብ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰውም እዚህ ነው። ዋጋውን የሚወስነው የሽታው ብርታት ሳይሆን በአብዛኛው የአየሩ ብዛት ነው። ሴንትሪፊዩጅ ዝግ ስለሆነ ከጥቂት ቱቦዎች ብቻ አየር ቢሳብለት ይበቃዋል። ባለ ሸራው ማሽን ክፍት ነው፤ ክዳን ካልተሠራለት የቤቱ አየር በሙሉ በሰዓት ብዙ ጊዜ መቀየር አለበት። ጠመዝማዛው መጭመቂያ ዝግም ዝግ ያለም ነው፤ ዝቃጩንም ብዙ አይሰባብርም። እኔ ብጠየቅ፣ ቦታ ላለውና ጥቂት በመቶ ድርቀት ቢቀርበት ግድ ለማይሰጠው አነስተኛ ጣቢያ የምመርጠው እሱን ነው። ከኬኩ ተለይቶ ወደ ማጣሪያው የሚመለሰውን ውሃም መርሳት አይገባም፤ ከከፍታ ሲወረወር የያዘውን ጋዝ ሁሉ ስለሚያራግፍ ቱቦው እስከ ታች መድረስ አለበት።

የተያዘው አየር በማማ ውስጥ በኮስቲክ ሶዳና በበረኪና ይታጠባል፤ አሞንያ ካለበት አስቀድሞ በአሲድ ያልፋል፣ አለዚያ ከበረኪናው ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን የተባለ ሌላ ሽታ ይፈጥራል። ባዮሎጂያዊው መንገድ ይበልጥ ይማርካል። ሪቻርድ ፖምሮይ አሜሪካ ውስጥ በ1957 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ የሚሸተውን አየር በአፈር ሥር መልቀቅና ሥራውን ለባክቴሪያ መተው ነበር። የዛሬው ባዮፊልተር አፈሩን በእንጨት ፍቅፋቂ ተክቶ አየሩን ከ45 ሰኮንድ እስከ 1 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል። በእርጥብ ፕላስቲክ ወይም ድንጋይ የሚሞላው ማማ ደግሞ ሰልፋይዱን ወደ ሰልፈሪክ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎችን በሰኮንዶች ውስጥ ያሠራል፤ መርካፕታን ላይ ግን ይደክማል። ስለዚህ ከኋላው የተዘጋጀ ከሰል ይደረግለታል። ሽቶ የሚረጩም አሉ። ብርቱካን የሚሸት ዝቃጭ ዝቃጭነቱን አልተወም፤ ነዋሪውም ቶሎ ይነቃል።

ውጤቱን የሚፈርደው መጨረሻ ላይ ሰው ነው። ኢ ኤን 13725 በተባለው የአውሮፓ መመዘኛ መሠረት የአየሩ ናሙና በንጹህ አየር እየቀጠነ ለተመረጡ አሽታቾች ይቀርባል፤ ግማሾቹ ሲለዩት የቀጠነበት ልክ የሽታው መጠን ይሆናል። አሽታቾቹ የሚመረጡት ቡታኖልን በቢሊዮን ከ20 እስከ 80 ክፍል ባለው ልክ የሚለዩ ከሆነ ነው። አፍንጫው ከዚያ በላይ የተሳለ ሰውም እንደ ደነዘው ይባረራል።

አዲስ አበባ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተሠራው የቃሊቲ ጣቢያ ዝቃጩን በዋናነት የሚያደርቀው በፀሐይ ነው፤ ከሴፕቲክ ታንክና ከጉድጓድ በመምጠጫ መኪና የሚመጣውም ወደ ማድረቂያ ሜዳ ይፈስሳል። ሜዳ ክዳን የለውም፤ አየሩን ስቦ የሚያጥብ ማማ እዚህ አይሠራም። ያለው አማራጭ የሚፈስሰውን መምረጥ ነው። ማብላያ ውስጥ የቆየ ወይም በታንክ ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ ዝቃጭ ብዙ አይከረፋም፤ ከሕዝብ መጸዳጃ በየሳምንቱ የሚቀዳው ግን ገና ጥሬ ነው፤ ለብቻው ማብላያ ይፈልጋል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ቶሎ ይደርቃል፣ ከዚያ ሲወፍር ከላይ ቅርፊት ይዞ ከሥር ይበሰብሳል። ክረምት ሲገባ ሜዳው በዝናብ እየራሰ ይከርማል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጣሪያ የሚረዳው ያኔ ነው። ጣሪያ የሚያሠራ በጀት ከጠፋ የሚቀረው ሰዓቱ ነው፤ ማለዳና ማታ አየሩ ቀዝቅዞ መሬት ላይ ስለሚተኛ ሽታውን ሳይበትን ወደ መንደሩ ይገፋዋል፣ መኪኖቹ በቀትር ቢያራግፉ ግን ነፋሱና ፀሐዩ ወደ ላይ ያነሱታል።