የእንቁጣጣሽ ገንዘብና የልጆች የገንዘብ ትምህርት

ልጆች ስለ ገንዘብ መማር የሚጀምሩት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው አስቀድሞ ነው። ሱቅ ይላካሉ፤ መልስ ቆጥረው ይመለሳሉ፤ ወላጆቻቸው በገበያ ዋጋ ሲከራከሩ አጠገባቸው ቆመው ይሰማሉ። ይሁንና የራሳቸው የሆነ፣ ሊያዙበት የሚችሉት ገንዘብ በእጃቸው የሚገባው ለብዙዎቹ በሁለት በዓላት ነው። ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው ቡሄ ወንዶች ልጆች ሆያ ሆዬ እየጨፈሩ፣ መስከረም 1 ቀን ደግሞ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ፣ ወንዶቹም የሣሉትን የአበባ ሥዕል ለዘመድና ለጎረቤት እያበረከቱ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ቀድሞ ለቡሄ ጨፋሪዎች ይሰጥ የነበረው ሙልሙል በተለይ በከተሞች በብር እየተተካ መጥቷል።

በእነዚህ ቀናት ልጆቹ ማንም ሳያዝዛቸው የሚያከናውኑት የሒሳብ ሥራ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። ከመካከላቸው የሚያምኑትን ገንዘብ ያዥ ያደርጋሉ፤ የተገኘውን በሁሉም ፊት ይቆጥራሉ፤ ይካፈላሉ። አርፍዶ የመጣው ልጅ እኩል ይድረሰው ወይስ ይቀነስበት በሚለው ላይም አጥብቀው ይከራከራሉ። ትልልቆቹ በእቁብና በእድር የሚሠሩበት ሥርዓትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ልጁ ድርሻውን ይዞ ቤት ሲገባ ነው። «አምጣ፣ ላስቀምጥልህ» ተብሎ የተወሰደው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከአስቤዛው ጋር ይቀላቀላል፤ ልጁም ሲጠይቅ «ልብስ የተገዛልህ በምን ይመስልሃል?» የሚል መልስ ያገኛል። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም። መስከረም የበዓል ወጪ፣ የደብተርና የደንብ ልብስ ግዢ በአንድ ላይ የሚመጡበት ወር ነው። ነገር ግን ልጁ ከዚህ የሚማረው አደራ የተሰጠ ገንዘብ እንደማይመለስ፣ የሚያዋጣውም ቶሎ ከረሜላ ገዝቶ መጨረስ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከተቸገረ ገንዘቡን በግልጽ መበደር ይሻላል፤ መጠኑንና የሚመለስበትን ቀን ልጁ በደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ፣ ቀኑ ሲደርስም መክፈል ያስፈልጋል። ሃያ ብር እንኳ ቢሆን በቀኑ ከተመለሰ ልጁ ስለ ብድር ከብዙ ምክር የበለጠ ይረዳል።

ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጥ ሌላው አማራጭ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ በመሆኑ የልጆች ሒሳብ የሚከፈተው በወላጅ ወይም በአሳዳሪ አማካይነት ነው። ሆኖም ልጁ ራሱ ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ ገንዘቡን ቢያስረክብና ደረሰኙን በእጁ ቢቀበል መልካም ነው።

ወለድ ምን እንደሆነ ሲነገረው ግን ነገሩ በሙሉ ሊነገረው ይገባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎታል። በዚህ ስሌት 600 ብር ያስቀመጠ ልጅ በዓመቱ 642 ብር ይኖረዋል። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ቢጨምር ግን ዛሬ 600 ብር የሚያወጣ የትምህርት ቤት ቦርሳ 780 ብር ይገባል። ይህ ምሳሌ የተጋነነ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የነበረው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። መቶኛ የተማረ ልጅ ይህን ሒሳብ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከሠራው በኋላም «ቁጠባ ጥሩ ነው» የሚለውን ምክር ብቻ ማስደገም አያሳምነውም። ለቅርብ ጊዜ የሚፈለግ ገንዘብ በባንክ ቢቆይ፣ ለማይቀር ግዢ የታሰበው ግን ዋጋው ሳይንር ዕቃው ቢገዛበት እንደሚሻል ያስተውላል። በገጠር ለልጅ «ያንተ ናት» ተብላ የምትሰጠው ዶሮም ከዚሁ ትምህርት የምትመደብ ናት፤ እንቁላሏ ይሸጣል፣ ጫጩት ታወጣለች፣ ልትታመምና ልትሞትም ትችላለች። ኪሳራ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የቀለለ መንገድ አይገኝም። ይህ ሲባል ልጅን ለሥራ ማሰማራት ማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል እየተለመደ በመምጣቱ፣ ልጆች የብር ኖት ከእጅ ሲወጣ የሚያዩበት ጊዜ እየቀነሰ ነው። ወላጆች ከከፈሉ በኋላ የሚደርሰውን አጭር መልእክት ለልጁ ማስነበብ፣ የተከፈለውንና የቀረውን እንዲያሰላ ማድረግ ይችላሉ። የሚስጥር ቁጥሩ ግን ሱቅ ለሚላክ ልጅ መነገር የለበትም፤ ማንም ሰው ደውሎ ቢጠይቀው ስልኩን ዘግቶ ለወላጁ እንዲያሳውቅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።