ለተማሪ ላፕቶፕ የቱ ዊንዶውስ? ሆም፣ ፕሮ ወይስ ሌላ

ኮሌጆች ሊከፈቱ ሲሉ የሚደርሰኝ ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ዘንድሮ የጠየቀችኝ እህቴ ናት፤ ልጇ ኮምፒውተር ሳይንስ ልትጀምር ነው። ያየችው ላፕቶፕ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ ላይ ዊንዶውስ 11 ሆም፣ ሌላው ላይ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ተጭኗል። ፕሮሰሰሩም ስክሪኑም አንድ ነው፤ ዋጋው ግን ይለያያል። የሱቁ ሠራተኛ ደግሞ «ለኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮ ግድ ነው» ብሏታል።

ግድ አይደለም፤ ሆም ይበቃታል። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሻጭ በተናገረ ቁጥር አይደናገጥም።

ሆም እና ፕሮ ሁለት የተለያዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አይደሉም። ውስጣቸው አንድ ነው፤ ፍጥነታቸውም አንድ ነው። ፕሮ የሚጨምረው በአብዛኛው ለመሥሪያ ቤት የሚሆኑ መሣሪያዎችን ነው። ለምሳሌ የአይቲ ክፍል ብዙ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድርበትን መንገድ፣ ወይም ከሌላ ቦታ ሆኖ በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ ኮምፒውተሩ መግባትን። ሆም ያለው ላፕቶፕ በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ ሌላ ማሽን መግባት ይችላል፤ የማይችለው ሌሎችን ማስገባት ነው። ተማሪ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ላብ ይገባል እንጂ ማን ወደ እሱ ላፕቶፕ ይገባል? ስለ ሜሞሪም ይወራል። ሆም እስከ 128 ጊጋባይት ይቀበላል፤ ፕሮ እስከ 2 ቴራባይት። ተማሪው የሚገዛው ላፕቶፕ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ ይሄን እንለፈው።

የሱቁ ሠራተኛ አባባል ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ድሮ እውነት ነበረው። ዶከርን የመሰሉ የፕሮግራመር መሣሪያዎች በዊንዶውስ ላይ ለመሥራት ሃይፐር-ቪ የሚባለውን ይፈልጉ ነበር፤ ሃይፐር-ቪ ደግሞ ሆም ላይ የለም። በ2020 ሁለተኛው የሊኑክስ ንዑስ ሲስተም፣ ብዙዎቻችን «ደብሊው ኤስ ኤል 2» የምንለው፣ ለሆምም ጭምር ወጣ፤ ዶከርም በእሱ ላይ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሆም የጫነ ተማሪ በተርሚናል አንድ መስመር ጽፎ ኡቡንቱን ይጭናል፤ ፓይተን፣ ጊት፣ ዶከር ሁሉም ይሠራሉ። አንድሮይድ ስቱዲዮም ከነኢሙሌተሩ ይሠራል። ቨርቹዋል ማሽን ለሚፈልግ ቨርቹዋልቦክስ በነጻ አለ፤ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮም ከ2024 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። ምክሩ አርጅቷል ማለት ይቻላል፤ ሱቅ ውስጥ ግን ገና አላረጀም።

ፕሮን ከማይክሮሶፍት ስቶር ውስጥ ሆኖ ሆምን ለማሳደግ አሜሪካ ውስጥ 99 ዶላር ይጠየቃል። እኔ ብሆን ያን ገንዘብ ሜሞሪ ላይ አውለዋለሁ። ደብሊው ኤስ ኤል 2 ካልከለከሉት እስከ ግማሽ የሚሆነውን ሜሞሪ ሊወስድ ይችላል። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ከሆነ፣ ሊኑክሱ 4 ሲወስድ፣ በቀረው ላይ ክሮም ሃያ ታብ ከፍቶ ሲቀመጥ፣ ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በትዕግሥት ነው። 16 ይሁን። ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ሜሞሪው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ከሆም ወደ ፕሮ ማደግ ግን በማንኛውም ቀን፣ ፋይል ሳይጠፋ፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ኋላ ሊስተካከል የሚችለውን ለኋላ መተው ይሻላል።

ከመክፈልም በፊት የትምህርት ቤቱን የአይቲ ክፍል መጠየቅ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ኢዱኬሽን የሚባል እትም አለ፤ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም፤ በትምህርት ተቋማት በኩል ነው የሚሰጠው። ፕሮ ያለው ሁሉ አለው፣ ከዚያም በላይ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ቁልፉን ይሰጣሉ። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር የሚሸጡ የፕሮ ቁልፎችን ግን አትንኩ። ብዙዎቹ ለድርጅት የተሰጡ ቁልፎች ተቸርችረው ነው፤ ማይክሮሶፍት ባገኛቸው ቀን ይዘጋቸዋል።

አሁን ደግሞ ስማቸው ሆም ሆኖ ሊያሳስቱ የሚችሉትን እንይ። ርካሽ ላፕቶፖች አንዳንዴ «ኤስ ሞድ» ላይ ሆነው ይመጣሉ። በኤስ ሞድ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ የተገኘ ፕሮግራም አይጫንም፤ ተርሚናልም አይከፈትም። ፕሮግራሚንግ ለሚማር ሰው ይሄ እጅን ማሰር ነው። ደግነቱ መውጣቱ ነጻ ነው፤ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን ከሚለው ይገኛል። አንዴ ከወጡ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ የሚመለስበት ምክንያትም አይታየኝም። ሌላው «ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ» ነው፤ በአንዳንድ አገሮች ይሸጣል። የሜኑውን ቋንቋ መቀየር አይፈቅድም። አንድ አገር ገዝታችሁ ሌላ አገር ለሚማር ዘመድ የምትልኩ ከሆነ ሳጥኑ ላይ ይሄን ስም ፈልጉ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በስሙ መጨረሻ «ኤን» የሚል ፊደል ያለበት እትም ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ የቪዲዮና የድምፅ ክፍሎቹ የተቀነሱበት ነው፤ ሚዲያ ፊቸር ፓክን በነጻ ከሴቲንግስ መጨመር ነው።

ከእትሙ ምርጫ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማንም የማይጠይቀኝ ነገር ነው፤ የዲስኩ ቁልፍ።

ከዊንዶውስ 11 የ2024 እትም ጀምሮ አዲስ ላፕቶፕ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩ በራሱ ይቆለፋል፤ ማለትም ፋይሎቹ በሚስጥር ቁልፍ ተመስጥረው ይቀመጣሉ። ይሄ ሆም ላይም አለ፤ «ቢትሎከር ስለሌለው ሆም ጥበቃ የለውም» የሚባለው ልክ አይደለም። ፕሮ በራሳችን መንገድ እንድናስተዳድረው ያደርጋል እንጂ መሠረቱ ያው ነው። ላፕቶፑ በባቡር ላይ ቢሰረቅ ሌባው ፋይሉን አያነብም። ጥሩ ነው። ነገር ግን ማዘርቦርድ ሲቀየር፣ የባዮስ ቅንብር ሲነካ፣ ወይም ልጁ ሊኑክስን ልሞክር ብሎ ሴኪዩር ቡትን ሲያጠፋ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ ሪከቨሪ ኪይ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ የለም። ማይክሮሶፍት ራሱ ተለዋጭ ቁልፍ መስጠት አይችልም።

ቁልፉ የሚቀመጠው የት ነው? ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት አካውንት ውስጥ። የኛ ልማድ ደግሞ ይታወቃል። አጎት ዱባይ ወይም ቨርጂኒያ ሆኖ ላፕቶፕ ይገዛል፤ «እንዳይቸገር» ብሎ በራሱ አካውንት ከፍቶ፣ ሁሉን ጭኖ፣ አዲስ አበባ ለሚማረው የወንድሙ ልጅ በመንገደኛ ይልካል። ቁልፉ አጎት ጋ ቀረ። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የመመረቂያ ሥራው በደረሰበት ሳምንት፣ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 48 አሃዝ ሲጠየቅ ምን እንደሚባል እንኳ አያውቅም፤ አጎትም በየትኛው ኢሜይል እንደከፈተው ረስቷል።

ስለዚህ ላፕቶፑን መጀመሪያ የሚከፍተው ባለቤቱ፣ በራሱ የግል አካውንት ይሁን። ዕቃው ጤነኛ መሆኑን ማየት የፈለገ አጎት አይቶ ሲጨርስ ሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ ከሚለው ገብቶ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይመልሰው። የትምህርት ቤት ኢሜይልም ለዚህ አይሆንም፤ ቁልፉ ትምህርት ቤቱ ጋ ሊቀመጥ ይችላል፤ ተማሪው ሲመረቅ ደግሞ አካውንቱ ይዘጋል። ከዚያ በስልክ ብራውዘር የማይክሮሶፍት አካውንቱን ከፍቶ፣ ዲቫይስስ ከሚለው ሥር ቁልፉን አግኝቶ ወረቀት ላይ ይጻፈው። ወረቀቱ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይቀመጥ። ለእህቴም ያልኳት ይሄን ነው፤ የልጇን 48 አሃዝ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጣዋለች።

አማርኛን በተመለከተ በሆም እና በፕሮ መካከል ልዩነት የለም። የአማርኛ ኪቦርድ በሁለቱም ላይ ከሴቲንግስ ይጨመራል፤ ኪማንን የለመደም በሁለቱም ላይ ይጭነዋል፤ ከድረ ገጹ የወረደው ግን ኤስ ሞድ ላይ እምቢ ይላል። ፊደሉን የሚያሳየው ኢብሪማ በሁሉም ላይ አለ። በኒያላ የተጻፈ የቆየ ሰነድ መልኩ ተለውጦ ከተከፈተላችሁ ግን ፋይሉ አልተበላሸም፤ ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ አብሮ አይጫንም። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ «ኢትዮፒክ ሰፕሊሜንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ፤ በነጻ ይወርዳል።