የአዲስ አበባ ዝናብ የት ይሄዳል?

አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ታገኛለች፤ ለንደን ከምታገኘው እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ሰፈሮች ውሃ የሚያገኙት በፈረቃ ነው። ምክንያቱ ከፊሉ የተፈጥሮ ነው፤ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያበቃል። ከፊሉ ግን የከተማ አሠራር ነው፤ መንገዱም ቦዩም የተሠራው የዝናብ ውሃን ቶሎ ጠራርጎ ለማስወጣት ነው።

መልክዓ ምድሩም ለዚህ ያመቻል። ከእንጦጦ ተራራ እስከ አቃቂ ሜዳ መሬቱ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎቹ ወንዞች ቁልቁል ተምዘግዝገው ወደ አቃቂ ይገባሉ፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አዋሽን ይቀላቀላሉ። ቀድሞ ሜዳውና ቁጥቋጦው ከዝናቡ የተወሰነውን ይይዝ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ1999 ወደ 2.7 ሚሊዮን አደገ፤ ግንባታው ከዚያ ወዲህም አልቆመም። በአስፋልትና በቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወዲያው ይፈሳል። ቦዮቹ በፕላስቲክ ጠርሙስና በአፈር ሲደፈኑ ደግሞ ውሃው መንገዱን ራሱ ይመርጣል። በነሐሴ 2013 የወረደው ከባድ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ በከተማዋ ሰባት ሰዎች ሞተዋል።

ከተማዋ ከምትጠጣው ግን ከፊሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ውሃ ነው። ገፈርሳ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ግድቦች ናቸው፤ ሦስቱም ከአስተዳደሩ ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ይገኛሉ። በለገዳዲ ዙሪያ መሬት ሲታረስና ሲራቆት አፈሩ ታጥቦ ግድቡ ውስጥ ይገባል። ደለሉ ውሃ የሚጠራቀምበትን ቦታ ይሻማል፤ ድፍርሱን ለማጥራትም ብዙ አሉሚኒየም ሰልፌት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአዲስ አበባ የውሃ ዕቅድ ከወሰኗ ማዶ ካለው ገበሬና ከ2015 ወዲህ በዙሪያዋ ከተመሠረተችው ሸገር ከተማ ተነጥሎ ሊታሰብ አይችልም። ወንዝ የክልል ድንበር አያውቅም፤ በጀት ግን ያውቃል፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ምንጭ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ከሰሜኑ ከፍታ የሰረገ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ ከተማዋ ከመንገዱ በላይ ተቀምጣለች። የመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ በዚያው መንገድ ሊሰርግ ይችላል። ዝናብን ወደ መሬት ማስረግ ጥሩ ሐሳብ ቢሆንም የትም ቦታ የሚደረግ አይደለም፤ እንጦጦ ላይ የሚጠቅመው ጋራዥ ወይም ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ ይጎዳል። በደቡቡ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ደግሞ ከራሰ በኋላ ውሃ እምብዛም አያስገባም።

ጣራ የተሻለ ዕድል አለው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዓመት 110,000 ሊትር ያህል ይቀበላል። ሆኖም 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ማለትም በአንድ ብርቱ የነሐሴ ከሰዓት፣ ይሞላል፤ የተረፈው ከአሸንዳው ወደ ቦይ ይወርዳል። ስለዚህ የቤተሰብ ሮቶ ለክረምት ልብስ ማጠቢያ ይሆናል እንጂ እስከ ሚያዝያ አያደርስም። ለበጋ የሚበቃ ውሃ ለመያዝ በኮንዶሚኒየም፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ግቢ ሥር ትልልቅ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል፤ ይህም ሕንፃው ሳይጀመር በንድፉ ካልገባ፣ በኋላ ለመጨመር እጅግ ውድ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ባረጁ ቱቦዎች የሚባክነውን የተጣራ ውሃ መታደግ ነው።

ቻይና ዝናብ የሚመጥጡ ፓርኮችና መንገዶች ያሏቸውን «ስፖንጅ ከተሞች» በሰፊው ሞክራለች። ከእነዚህ አንዷ ዠንግዡ በሐምሌ 2013 በአንድ ሰዓት ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶባት ተጥለቀለቀች። ሙከራው ለመደበኛ ዝናብ ዋጋ አለው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መዓት ግን ሰው ከወንዝ ዳር ርቆ መስፈርና ማስጠንቀቂያ በጊዜ መድረስ አለበት። በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር የተጀመረው ልማት የሚመዘነውም በዚህ ነው፤ ዳርቻው የጎርፍ መተኛ ሆኖ ከተተወ ሰው ያድናል፤ በግንብ ታጥሮ ወንዙ ከጠበበ ግን ጎርፉን ከታች ወዳሉት ሰፈሮች ያሻግራል።