መጦር ብቻውን ይበቃልን?

ልጅ ወላጆቹን ካበላና ካለበሰ ግዴታውን ፈጸመ ይባላልን? ይህ ጥያቄ በቻይና አገር ከሁለት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ተነሥቶ መልስ የተሰጠው ነው፤ በኛ ዘመን ደግሞ ፍርድ ቤት ደርሷል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ኮንፉሺየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ዓመት ሉ በሚባለው መንግሥት እንደ ተወለደ ይነገራል። በትምህርቱ የመልካም ጠባይ ሁሉ ሥር ሆኖ የሚቈጠረው ቻይናዎች «ሲያዎ» የሚሉት፣ ልጅ ለወላጁ የሚያሳየው አክብሮት ነው። የጽሕፈቱ ምልክት ራሱ ከላይ ሽማግሌን፣ ከታች ልጅን ያሳያል፤ ልጁ ሽማግሌውን የተሸከመ ይመስላል።

ብዙ ሰው ሲያዎን ከመጦር ጋራ አንድ ያደርገዋል። ኮንፉሺየስ ግን በዚህ አልተስማማም። ውሻና ፈረስም ይቀለባሉና፣ አክብሮት የሌለበት ጡረታ ከዚያ እንደማይለይ ለደቀ መዛሙርቱ አስረድቷል። ከባዱም ነገር ምግብ ማቅረቡ ሳይሆን የሚያቀርበው ሰው ፊት መሆኑን ገልጿል።

ሁለተኛው ስሕተት ሲያዎን ጭፍን ታዛዥነት ማድረግ ነው። እንደ ኮንፉሺየስ አሳብ ወላጅ ሲሳሳት ልጅ በትሕትና ሊመክረው ይገባል፤ ባይሰማውም ማክበሩን አይተውም። ይሁን እንጂ በኋላ የተነሡት ነገሥታት የትሕትናውን ምክር ትተው ታዛዥነቱን ብቻ አጠበቁ። በታንግ ነገሥታት ሕግ ወላጅን አለማክበር ከዐሥሩ ታላላቅ ወንጀሎች አንዱ ነበረ። ስለዚህ ነው ደራሲው ሉ ሹን በ1918 ዓ.ም. «የእብድ ማስታወሻ» በተባለው ድርሰቱ የጥንቱን ሥርዐት ሰው እንደሚበላ አድርጎ የሣለው።

ዛሬስ? ወጣቱ ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ ይሄዳል፤ ሽማግሌው በመንደር ይቀራል። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ እስከ 2015 የጸናው የአንድ ልጅ ደንብ ባልና ሚስቱን ለአራት ወላጆች ብቸኛ ጧሪ አደረጋቸው። በ2020 የሕዝብ ቈጠራ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች 264 ሚሊዮን ያህል ሆነው ተገኙ።

መንግሥትም ከወላጆቹ ተለይቶ የሚኖር ልጅ አዘውትሮ እንዲጠይቃቸው የሚያዝ ሕግ አወጣ። ሕጉ በጸናበት በሐምሌ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. የዉሺ ከተማ ፍርድ ቤት አንዲት ሴት የ77 ዓመት እናቷን ቢያንስ በሁለት ወር አንድ ጊዜ እንድትጠይቅ ፈረደባት።

እንግዲህ ልብ እንበል። ዳኛ ልጅቱን እስከ እናቷ ደጃፍ ሊያደርሳት ይችላል፤ ከደጃፉ ወዲያ ግን ሥልጣን የለውም። እያጕረመረመች ብትገባ ሕጉ ተፈጸመ፤ ሲያዎ ግን አልተፈጸመም። ኮንፉሺየስ ስለ ፊት የተናገረው ይህን ነው።

እኛም ተማሪዎች ከደመወዛችን ቈርጠን ለወላጆቻችን የምንልክበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ ገንዘቡን ልኮ ዕዳውን የከፈለ የሚመስለው፣ አባቱ ሲሳሳትም ወይ የሚሰድበው ወይ ፈርቶ ዝም የሚለው ብዙ ይሆናል። የላክነውን ብር መቍጠር ቀላል ነው፤ ፊታችንን መመርመር ግን ከዛሬ መለመድ አለበት።